«ደራሽ»፣ «ድንገተኛ»፣ «ቅጽበታዊ»፦ በጎርፍ ትንበያ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ቃላትን ስንመረምር ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው፣ አንድ የአማርኛ ቃል ከውጭው ቃል ጋር ምን ያህል ይመጣጠናል የሚለውን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ ጥቂት ይለያል፤ ይኸውም ቃሉን የሰማ ሰው፣ ሰምቶ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ለምርመራው የመረጥነው መስክ የጎርፍ ትንበያ ሲሆን፣ በተለይም ቀስ ብለው ከሚጓዙ ወይም በአንድ ቦታ ላይ እየተተካኩ ከሚያወርዱ የነጎድጓድ ደመናዎች በሚመጣው ጎርፍ ላይ እናተኩራለን። በሌላው የአየር ጠባይ መግለጫ የቃል ብዥታ ቢኖር ጉዳቱ ሊታለፍ ይችል ይሆናል፤ በዚህኛው ግን ወንዝ ዳር ቆሞ ልግባ አልግባ የሚል ሰው አለበት።

አድማጫችንን ደምበጫ ላይ እናስቀምጠው። ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለች የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። በስተ ምሥራቅዋ ከ4000 ሜትር በላይ የሚነሣው የጮቄ ተራራ አለ። ከጮቄ የሚመነጩት ወንዞች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ተምጫ በደምበጫ አቅራቢያ አልፎ ውሃውን ወደ ዐባይ ይሰዳል። በክረምት ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ገለጥ ይላል፤ ፀሐይ ምድሪቱን ስታሞቅ እርጥቡ አየር ተዳፋቱን ተከትሎ ይወጣና ከቀትር በኋላ ከተራራው ላይ ነጎድጓድ ይሰማል። ሰዓቱ ገበያተኛው ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ እረኛውም ከብቱን ከመስክ የሚያስገባበት ሰዓት ነው። ላይኛው አገር ዶፍ እየወረደበት፣ ታች ያለው ሰው ግን ራሱ ላይ ጠብታ ሳያርፍበት ወንዙን ሊሻገር ይችላል። እንግዲህ ይህ ሰው ሰምቶ ሊድንበት የሚችለው ቃል የትኛው ነው?

በክረምት ወራት የሚነገሩት መግለጫዎች በአንድ ቅርጽ የተጣሉ ያህል ይመሳሰላሉ። በብዙ ቦታዎች መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ እንደሚኖር፣ በአንዳንድ ቦታዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ እንደሚጠበቅ፣ ይህም ቅጽበታዊ ጎርፍ ሊያስከትል ስለሚችል አስፈላጊው ጥንቃቄ እንዲደረግ ይነግሩናል። ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ጉድለት የለበትም፤ የሚያሳስበን በውስጡ ያሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ማጉደላቸው ነው። ከስያሜው እንጀምር።

ለዚህ ዐይነቱ ጎርፍ በሥራ ላይ ያሉት ስያሜዎች ሦስት ናቸው፤ ድንገተኛ ጎርፍ፣ ቅጽበታዊ ጎርፍና ደራሽ ጎርፍ። ሦስቱ በጋዜጣም በራድዮም እየተቀያየሩ ስለሚሠራባቸው ብዙ ሰው እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል። እኛ ግን አንድ ናቸው አንልም።

«ድንገተኛ» ሳይታሰብና ሳይጠበቅ የሚደርስ ነው። ድንገተኛ እንግዳ፣ ድንገተኛ ሞት፣ ድንገተኛ ምርመራ እንላለን፤ በሦስቱም ዘንድ አስቀድሞ አለመታወቅ የቃሉ ዋና አካል ነው። ስለዚህ የትንበያ ባለሙያ «ነገ ድንገተኛ ጎርፍ ይጠበቃል» ሲል፣ የሚጠበቀውን ነገር የማይጠበቅ ብሎ ጠራው ማለት ነው። ነገሩ የአነጋገር መጋጨት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር። ዳሩ ግን ቃሉ ከአደጋው በኋላም ሥራ ይሠራል። ጎርፉ አንድ ጊዜ «ድንገተኛ» ከተባለ፣ ላይኛው አገር ሲዘንብ ማን አየ፣ ያየውስ ለምን አልተናገረም ብሎ መጠየቅ ከንቱ ይመስላል፤ ድንገተኛ ነዋ!

«ቅጽበታዊ» የተሻለ ጥረት የተደረገበት ቃል ነው። ከግእዙ «ቅጽበተ ዐይን» ስለ ተገኘ ለመዝገበ ቃላት ገጽ ያምራል። ችግሩ የሚለካው ነገር ምን እንደ ሆነ አለመታወቁ ነው። ጎርፉ በቅጽበት ይመጣል ማለት ነው ወይስ ለቅጽበት ቆይቶ ያልፋል? ቅጽበታዊ ደስታ፣ ቅጽበታዊ ቁጣ ስንል የምናስበው ቶሎ የሚበርደውን ነው። በዚህ ልማድ የሰማው ገበሬ «ቅጽበታዊ ጎርፍ»ን እንደ ቀላል ነገር ቢቈጥረው አይፈረድበትም። ከዚህም በላይ ቃሉ ከሙያው ብያኔ ጋር አይስማማም። በውሃ ባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው አከፋፈል፣ ይህ ዐይነቱ ጎርፍ መነሻ ከሆነው ዝናብ በኋላ 6 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሚነሣው ነው። ስድስት ሰዓት ቅጽበት አይደለም፤ አንድና ሁለት ሰዓትም ቢሆን አይደለም። የማስጠንቀቂያ ሥራ ሁሉ የሚሠራው በእነዚያ ሰዓቶች ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ስያሜው ሰዓቶቹን ያጠፋቸዋል።

«ደራሽ» ግን መነሻ እንዳለው ይናገራል። ደራሽ የሚባል ነገር ከአንድ ቦታ ተነሥቶ፣ መንገድ ሄዶ፣ ወደ ሌላ ቦታ የሚደርስ ነው። «ደራሽ ውሃ» የሚለውን የሰማ ሰው ውሃው ከወዴት ነው የሚደርሰው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱም ከላይ የሚል ነው። ለደምበጫው ተሻጋሪ ከሁሉ የሚያስፈልገው እውቀት ይኸው ነው፤ አደጋው ራሱ ላይ ካለው ሰማይ ላይመጣ ይችላልና። ለስያሜ መራጭ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከአንዱ ሥር «ደራሽ»፣ «መድረሻ»፣ «አደራረስ» ይወጣሉ፤ ስለዚህ ከዝናቡ እስከ ጎርፉ ያለውን የጊዜ ርቀት «የመድረሻ ጊዜ» ብንለው፣ ገበሬውም መሐንዲሱም በአንድ ቃል ይግባባሉ። («ደራሽ» በችግር ጊዜ የሚረዳ ሰውም ማለት ነው፤ «ደራሽ አጣ» እንዲሉ። አንዱ ቃል አጥፊውንም አዳኙንም መያዙ እንከን ነው የሚሉ ይኖራሉ። ዐውዱ ስለሚለየው እኛ እንከን አናደርገውም።)

የቃሉን ትክክለኛነት ለማሳየት ከድሬ ዳዋ የበለጠ ምስክር የለም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተማይቱን የመታው ውሃ የመጣው በደቻቱ ወንዝ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ፣ ሰው የሚመላለስበት ወንዝ ነው። ውሃው የተጠራቀመው ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች ላይ ሲሆን፣ በተኛ ሕዝብ ላይ ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺሕ የሚቈጠሩትም ቤታቸውን አጡ። ይህን ጎርፍ ድንገተኛ ያደረገው ከታች ያለው ሰው አለማወቁ ነው። ከላይ በደጋው ለነበረ ሰው ዝናቡ ድንገተኛ አልነበረም።

በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ከዳርቻው ወጥቶ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ርብና ጉማራም ሞልተው በፎገራ ሜዳ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ሦስቱም «ጎርፍ» ተባሉ። የደቻቱ ውሃ በሰዓታት የደረሰ ሲሆን፣ ኦሞና ፎገራ ግን ከሰፊ ተፋሰስ በተጠራቀመ የብዙ ቀን ዝናብ የሞሉ ናቸው። አማርኛ ለዚህ ልዩነት ቃል አላጣም፤ ለወንዙ «ሙላት»፣ ውሃው ሜዳውን ሲይዘው «መጥለቅለቅ» ይላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው አባባልም የሙላት አባባል ነው፤ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ቀስ እያለ ለሚወጣ ውሃ የተነገረ ነው። ደራሽ አያሳስቅም። ልማዱን ከሙላት የተማረ ሰው ውሃው እየጨመረ ሲመጣ አይቼ እመለሳለሁ ብሎ ወደ ደራሽ ቢገባ ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ሦስቱን ነገሮች በአንድ «ጎርፍ» መጠቅለል ከቃል ቁጠባ ያለፈ ጉዳት አለው።

አሁን ወደ «ከባድ ዝናብ» እንለፍ። በአገራችን የሜትሮሎጂ ልማድ ከባድ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የዘነበው ነው። ለሰብል ግምገማ ይህ ልክ ይጠቅማል። ለጎርፍ ግን ያሳስታል፤ 30 ሚሊ ሜትር ሌሊቱን ሙሉ እኝኝ ሲል ቢያድር መሬቱ ይጠጣዋል፣ በግማሽ ሰዓት ቢወርድ ግን ቦዩን ሁሉ ይሞላዋል። በአንድ ቦታ የሚጠራቀመው ውሃ የሚገኘው የዝናቡ ብርታት በቆይታው ሲባዛ ነው። ጎርፍ የሚያስነሣው ብርቱው ዝናብ ሳይንቀሳቀስ የቆየበት ቦታ ነውና ተንባዩ ሁለት ነገር መጠየቅ ይኖርበታል፤ ምን ያህል በርትቶ ይወርዳል? እዚያው ቦታ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? «ከባድ» የሚለው ቃል ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ጨፍልቆ አንዱንም አይመልስም። ቋንቋችን ግን አስቀድሞ ለይቷቸዋል፤ ካፊያ፣ እኝኝታ፣ ውሽንፍር፣ ዶፍ እያለ ብርታቱን፣ ቆይታውንና ከነፋስ ጋር መምጣቱን ይናገራል። የቀኑን ድምር «ከባድ» ማለቱ ይቀጥል፤ ብርታቱን ለመግለጽ ግን «ዶፍ» በልክ ተወስኖ ወደ ሙያው ቢገባ ምን ይከለክለዋል?

ስለ ቆይታው ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። አንድ የነጎድጓድ ደመና ለብቻው ዕድሜው አጭር ነው፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ ያድጋል፣ ያወርዳል፣ ይሟሽሻል። ነፋስ ገፍቶ ከወሰደውም ዝናቡን በብዙ ቀበሌ ላይ ያከፋፍለዋል። አደጋው የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በላይኛው አየር ያለው ነፋስ ደካማ ሲሆን ደመናው እምብዛም ሳይርቅ ያለውን ሁሉ እዚያው ያወርዳል። ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው። ከዝናቡ ጋር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በምድር ላይ ተዘርግቶ ሞቃቱንና እርጥቡን አየር ወደ ላይ ያነሣዋል፤ በዚያ ጠርዝ ላይም አዲስ ደመና ይወለዳል። አዲሱ የሚወለደው ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ከሆነ፣ አሮጌው ወደ ፊት በተገፋ ቍጥር አዲሱ በኋላው ይተካና በዚያው ጎዳና ያልፋል። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው አንድ ደመና ቆሞ የሚዘንብ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ብዙ ደመናዎች በየተራቸው ያወረዱት ነው። እንደ ጮቄ ያለ ተራራም እርጥቡን አየር በአንድ ተዳፋት ላይ ሳያቋርጥ ሲያነሣው፣ መወለጃውን እዚያው ይተክለዋል። ለመረዳት ያህል እናስላው፤ እያንዳንዱ ደመና 20 ሚሊ ሜትር ቢያወርድና አራት ቢተካኩ 80 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ላይ 800,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ወቅቱ ደግሞ ምድሪቱ ዝናብ የጠገበችበት፣ የጤፍ ማሳ ታርሶና ለስልሶ፣ በየአገሩ ልማድም በከብት ተረግጦ ያለ ሽፋን የሚታይበት ስለሆነ ውሃው ለመስረግ ፋታ አያገኝም።

በሰሜን አሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት በቢግ ቶምሰን ሸለቆ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1968 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር። በላይኛው አየር ያለው ነፋስ ደክሞ፣ ከታች የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን እየተደገፈ ሲወጣ፣ ነጎድጓዱ ለሰዓታት ከቦታው ሳይርቅ ቆየ። በአንዳንድ ስፍራ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ወረደ፤ በሸለቆው ውስጥ ከ140 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ለእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች የተደላደለ የአማርኛ ስያሜ አላገኘንም። ለመጀመሪያው «አዝጋሚ ነጎድጓድ» ያስማማል ብለን እናምናለን፤ ማዝገም ፈጽሞ አለመቆምን፣ ነገር ግን መዘግየትን ያሳያል። ሁለተኛው ያስቸግራል። የውጭው ስያሜ ከባቡር የተወሰደ ነው፤ ፉርጎዎች በአንድ ሐዲድ ላይ እንደሚከታተሉ ማለት ነው። ይህን ቃል በቃል ወስዶ «ባቡራዊ ነጎድጓድ» የሚል ተርጓሚ ቢነሣ፣ ሐዲድ ዐልፎበት በማያውቀው በጎጃም ምድር ምን እንደሚባል መገመት አያዳግትም፤ ይልቅስ በአንድ መልካ በየተራ የሚሻገሩትን የሲራራ ነጋዴ አህዮች ቢያስብ ይቀርበው ነበር። «ተከታታይ ነጎድጓድ» ብንል፣ ተከታታይ ዝናብ ለብዙ ቀን ዝናብ ስለ ተያዘ ይምታታል። «ተፈራራቂ» በሁለት ነገሮች መካከል መለዋወጥን ያመጣል፤ ቀንና ሌሊት፣ ፀሐይና ዝናብ ናቸው የሚፈራረቁት። «ተደጋጋሚ» መመለሱን ይናገራል፣ ቦታው አንድ መሆኑን ግን አይናገርም። በእኛ አስተያየት «ተተካኪ ነጎድጓድ» ከሁሉ ይሻላል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው በቦታው ይቆማል የሚለውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ይዟልና። እያንዳንዱን ደመና ደግሞ «ሕዋስ» ከማለት «ክምር» ማለት ይቀላል። ሕዋስ በሥነ ሕይወት ተይዟል፤ ክምር ግን በየአውድማው የሚታወቅ ከመሆኑም ሌላ፣ ሳይንሱ ራሱ ለዚህ የደመና ዘር የሰጠው የላቲን ስምም ትርጉሙ ክምር ነው።

«ትንበያ» የሚለው ቃል ራሱ «ነቢይ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያለው በመሆኑ ከባለሙያው ትንቢት የሚጠብቁ አሉ፤ ሳይሰምር ሲቀር ይሳለቃሉ። ቃሉ ሥር ስለ ሰደደ ይነቀል አንልም። ጉዳዩ የእርግጠኝነቱን ደረጃ መናገር ላይ ነው። የአማርኛ ግስ ይህን ደረጃ በራሱ አዘጋጅቶ አስቀምጧል፤ «ይዘንባል»፣ «ሳይዘንብ አይቀርም»፣ «ሊዘንብ ይችላል»፣ «ይዘንብ ይሆናል» አንድ አይደሉም። መግለጫዎቻችን ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም «ሊ...ይችላል» በሚለው ያልፉታል። አድማጩ ከመቶ አምስቱንም ከመቶ ዘጠናውንም በአንድ አነጋገር ሲሰማ ሁለቱንም እኩል ቸል ይላል። ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ አነጋገር የተወሰነ የዕድል መጠን ሰጥተው በዚያ ብቻ ቢጸኑ፣ አዲስ ቃል ሳይፈጠር ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ደረጃው ከጊዜም ጋር ይያያዛል። ተተካኪ ነጎድጓድ በየትኛው ተዳፋት ላይ እንደሚቆም ከአንድ ቀን በፊት ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም። ሁኔታው ምቹ መሆኑን ግን መናገር ይቻላል፤ ይህን «ማሳሰቢያ» እንበለው። የሜቴዎሳት ሳተላይት በየ15 ደቂቃው የደመናውን ሥዕል ትልካለች፤ በተከታታይ ሥዕሎች ላይ የደመናው ራስ ከቦታው ሳይነቃነቅ ከታየ፣ ወይም ላይኛው አገር ያለ ሰው ዶፉ አልቆም ማለቱን ከነገረ፣ ያን ጊዜ የሚሰጠው «ማስጠንቀቂያ» ይባል። ዛሬ ሁለቱ ቃላት ያለ ልዩነት ስለሚነገሩ፣ የነገው ዕድልና ያሁኑ አደጋ በአንድ ድምፅ ይሰማሉ። (የአገልግሎቱ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም. በዐዋጅ ከተቋቋመ ወዲህ የሙያው ስም ራሱ ሜትሮሎጂ፣ ሚትዮሮሎጂ፣ ሚቲዎሮሎጂ እየተባለ ሲጻፍ መቆየቱን በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እናቈየዋለን።)

በመጨረሻ የቀረችው «አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረግ» ናት። የዚህች ሐረግ ግስ አድራጊ የለውም። ማን ያድርግ? ምን ያድርግ? ጥንቃቄው አስፈላጊ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ አድማጩ ያጣው ጥንቃቄው ምን እንደ ሆነ ነው። ከቢግ ቶምሰን ጎርፍ በኋላ በኮሎራዶ ሸለቆዎች የተተከሉት ምልክቶች መንገደኛውን ጎርፍ ሲመጣ ሽቅብ እንዲወጣ ያዙታል። በመኪና አመልጣለሁ ብሎ ሸለቆውን ተከትሎ ለሚሮጥ ሰው፣ ትእዛዙ ጥቂት ቃላት ሆኖ ሁሉንም ይነግረዋል። እኛም ለደምበጫው አድማጭ እንዲህ ብለን ብንሞክረውስ?

«ዛሬ ከቀትር በኋላ በጮቄ ምዕራባዊ ተዳፋት አዝጋሚ ነጎድጓድ ሳይኖር አይቀርም። ዶፉ በአንድ ቦታ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ተምጫንና ገባሮቹን በእግር የምትሻገሩ ሁሉ፣ እናንተ ባላችሁበት ባይዘንብም ደራሽ ሊመጣባችሁ ይችላል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ወይም ከላይ ጉርምርምታ ከሰማችሁ አትግቡ፤ ከገባችሁም ከብቱን ትታችሁ ወደ ከፍታው ውጡ።»

መግለጫው ከተለመደው ይረዝማል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ለመላው አገር በአንድ ጊዜ ለሚነበብ ዜናም አይመችም። ሌላም ተገቢ ተቃውሞ አለ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ዝናቡ በአስፋልትና በጣሪያ ላይ ወርዶ እዚያው ጎርፍ ስለሚሆን፣ ውሃው ከሩቅ አልመጣምና «ደራሽ» አይስማማውም ይባላል። ይህን እንቀበላለን። ለከተማው ጎርፍ ሌላ ስያሜ ይፈለግለት፤ በእርሱ ምክንያት ግን የወንዙ ደራሽ ስሙን ሊያጣ አይገባም።

አንድ ነገር ግን ከጠረጴዛ ላይ ሆነን ልንጨርሰው አልቻልንም። ከአንድ ጋራ ላይ አልነቃነቅ ያለውን ደመና፣ የላይኛው አገር ዝናብ ወደ ታች መድረሱን አስቀድሞ የሚያስታውቀውን የውሃ ድምፅና ሽታ፣ በየአካባቢው የሚጠሩባቸው ቃላት መኖር አለባቸው። በደምበጫ፣ በደብረ ማርቆስና በጮቄ ዙሪያ የምትገኙ አንባብያን፣ በተለይም መምህራን፣ ከእረኞችና ከወንዝ አሻጋሪዎች የሰማችሁትን ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብታችሁ፣ የተሰማበትን ቀበሌና የተናጋሪውን ዕድሜ ጠቅሳችሁ ብትልኩልን፣ «አዝጋሚ»ንና «ተተካኪ»ን ከእነርሱ ጋር እናመዛዝናቸዋለን።